ጥቁሩ መስታወትና የሚስቴ ፊት

ሰፈራችን ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ቀና በል» ነው የሚሉኝ። ፎቶ ቤቴ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚመጣውን ሁሉ «ቀና በል፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እንዳትስቅ» ስል ስለምውል ነው። የሰፈሩን ሕዝብ ፊት ከነጆሮው አውቀዋለሁ። ቦርሳው ውስጥ እኔ ያነሳሁትን ፎቶ የማይዝ ጎልማሳ ብትፈልጉ አታገኙም። የገዛ ሚስቴ ፎቶ ግን የለኝም።

ምክንያቱ ማድያት ነው። ልጃችንን ስታረግዝ ግንባሯና ጉንጮቿ ላይ ወጣ፤ ከወሊድ በኋላ ይለቃል ተባለ፤ አልለቀቀም። ልጃችን አደገች፣ ተመረቀች፣ ማድያቱ እዚያው ነው። ሚስቴ ከፎቶ ቤቴ ጎን ባለችው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ካሜራ ይዤ በበሯ ብቅ ካልኩ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ጊዜ «በኮምፒውተር አጠፋልሻለሁ» ብላት፣ «የታጠበ ፊት አልፈልግም! ኮምፒውተርህ ፊቴን እንዳይነካው!» ብላ አስማለችኝ። እኔም እንደ ጥሩ ባል የማድያት ወሬ በተነሳ ቁጥር «የቱ ማድያት? እኔ እኮ ምንም አይታየኝም» እላለሁ። ፊት በማየት የሚተዳደር ሰው ይህን ሲል ትንሽ እንኳ አለማፈሩ!

ልጃችን ሌላ ከተማ ሥራ አገኘችና ጉዳዩ አጣዳፊ ሆነ።

«አባዬ፣ የእማዬን ፎቶ ሳልይዝ አልሄድም» አለችኝ።

«ለእሷ ንገሪያት።»

«ነገርኳት። ‹ትደውይልኝ የለ፣ ፎቶ ምን ይሠራልሻል› አለችኝ። ደግሞ ፎቶ አንሺው አንተ ነህ እንጂ እኔ ነኝ?»

ልጄ ባዶ እጇን ልትሄድብኝ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የሙያ ባልደረባዬ ጡረታ ወጥቶ ፎቶ ቤቱን ሲዘጋ አንድ ካርቶን ዕቃ ሰጠኝ። ከውስጡ ሌንስ አፍ ላይ የሚጠመዘዝ ክብ ጥቁር መስታወት ወጣ። ወደ አምፖሉ አንስቼ ባየው ምንም አይታይም። ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ስል ልጄ ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ «አባዬ፣ የኢንፍራሬድ ነው! ዓይን የማያየውን ብርሃን ነው የሚያሳልፈው» አለች።

«ዓይን የሚያየውንስ መች አንስቼ ጨረስኩት» አልኳት። ነገሩ ግን ውስጤ ገባ።

ካሜራዬ ይህን ብርሃን ማየት አለማየቱ በቴሌቪዥን ሪሞት ይፈተሻል ተባለ። ሪሞቱን ወደ ሌንሱ ደግኜ ብጫነው፣ በባዶ ዓይን ምንም የማይታይበት ጫፉ ካሜራው ስክሪን ላይ ቦግ አለ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ደጋግሜ ተጫንኩት። ለካ ሚስቴ የምትከታተለው ድራማ በእኔ ሳይንስ ምክንያት ሄዶ ዜና ሆኗል። «ይሄ ሰውዬ ለየለት» አለች።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ ተክዬ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ዛፍ ላነሳ ወጣሁ። መስታወቱ ከተጠመዘዘ በኋላ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማስተካከል፣ ከዚያ መጠምዘዝ፣ ከዚያ ካሜራው ብርሃኑን እስኪሰበስብ ግማሽ ደቂቃ ያህል ምንም ሳይነኩ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። ሁለተኛው ቀይም ድብዝዝም ሆነ። በሦስተኛው መስታወቱን ስጠመዝዝ ሌንሱን አብሬ አዙሬው ኖሮ፣ ዛፉ ጠፍቶ ከፊቱ ያለው የመብራት ምሰሶ ጥርት ብሎ ወጣ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሹን ላጭቶ ትቶት በሩ ላይ ቆሞ ይስቅብኛል።

«ዛፉንም ‹እንዳትስቅ› በለው እንጂ!» አለኝ።

አራተኛውን ፎቶ እዚያው ካሜራው ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቅጠሉ ሁሉ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር። ሮጬ ሄጄ ለፀጉር አስተካካዩ ባሳየው «በረዶ ጥሎ ነበር እንዴ?» አለ። ስለ ሳቁ ካሳ ይሁነኝ ብዬ እሱንም ፀሐይ ላይ ግድግዳ አስደግፌ አነሳሁት። ግንባሩ ላይ ጥቁር ምልክት ነበረችው። ፎቶው ላይ የለችም። ገጹ ልስልስ ብሎ የሰርግ ለት ሙሽራ መስሏል።

እዚህ ላይ ነው ጉዴ የጀመረው። ኮምፒውተር አይነካ፣ መሐላዬ አይፈርስ፣ ማድያቱ ግን ይጠፋል! ይሄ ማታለል አይባልም፤ ሳይንስ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዤ እስከ ዛሬ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ መኖሬ እንኳ አሳዘነኝ።

«ለእኔ አልልሽም፤ ለልጅሽ ስትዪ» ብዬ ለመንኳት።

«በኮምፒውተር አትነካውም?»

«ልጄን ይንሳኝ፣ አልነካውም።»

የክት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፌ «እንዳትነቃነቂ፤ እንዳትናገሪም» አልኳት። በእኛ ቤት ይህን ብሎ ያመለጠ ሰው የለም። ስትመልስልኝ ሁለት አፍ ያላት ሆና ወጣች። ደግሜ ሳነሳ ደግሞ «ጨረስክ?» አለችና አገጯ ተንኖ ቀረ። በመጨረሻ ልጃችን «እማዬ፣ በናትሽ» ብላ ስትለምናት ዝም አለች፤ እኔም አነሳሁ።

በትልቁ አሳተምኩት። እናትና ልጅ አልጋው ላይ ልብስ እያጣጠፉ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ፎቶውን ከፍ አድርጌ ይዤ ገባሁ።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናትና መጀመሪያ ያየችው ልብሱን ነው። «ጥቁሩን ቀሚሴን ምን አደረግከው? ነጭ ሆኗል እኮ!»

«እሱን ተዪው፤ በዚህ ብርሃን ጨርቁ እንደዚያ ነው የሚወጣው። ፊትሽን እይ እንጂ! ጠፍቷል! ድራሹ ጠፍቷል!»

«ምኑ?» አለች።

ጣቴን ወደ ጉንጯ ቀሰርኩና መልሼ ሰበሰብኩት።

«ምኑ ነው የጠፋው? አንተ ምንም አይታይህም አልነበር?»

ልጄ ማጣጠፏን ተወች። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጥቼ ዓይኔን ወደ ፎቶው መለስኩ፤ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። የሄደው ማድያቱ ብቻ አልነበረም። ከንፈሯ ከቆዳዋ አይለይም። ዓይኖቿ ሁለት ከሰል ናቸው። ስትቆጣኝ በቅንድቦቿ መሐል የምትመጣው መስመርም የለችም። የአንዱን ነገር መጥፋት ብቻ ስጠብቅ ሴትዮዋ ራሷ ስትጠፋ አላየሁም። ፎቶ አንሺ ነኝ ደግሞ!

ልጄ ፎቶውን ተቀብላኝ ብዙ አየችው። «ቆንጆ ናት አባዬ» አለች፤ «እማዬ ግን አይደለችም። ይህችን ይዤ ልሂድ?»

ሚስቴ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ።

«መንገድ ላይ የማያውቀኝ ሰው ሁሉ አቁሞ ቅባት ያዝዝልኛል» አለች። «አንተ ብቻ አይታየኝም ትለኛለህ። ወይ ይዋሻል፣ ወይ ጭራሽ አያየኝም እል ነበር። የትኛው እንደሚሻለኝም አላውቅም ነበር።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ብቻዋን እንደነበረች ገባኝ፤ ያውም እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

ፎቶውን አልጋው ላይ በፊቱ ደፍታው ተነሳችና «ና» አለችኝ። ተከትያት ወደ ፎቶ ቤቱ ገባሁ፤ ልጃችንም ተከተለችን። ሚስቴ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ክር ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ፣ ደንበኛ ሁሉ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ያንን ጥቁር ነገር አውልቀው።»

አወለቅኩት። ካሜራውን ሳነሳ መዳፏን ዘረጋችብኝ።

«ቆይ። መጀመሪያ የሚታይህን ንገረኝ።»

«አንቺ ነሻ፣ ሌላ ማን ይታየኛል?» አልኩ ልሳለቅ ብዬ።

«አንተ ሰውዬ!»

«ማድያት» አልኩ። «የቀኙ ጉንጭሽ ሰፊ ነው፤ ወደ ጆሮሽ ይሄዳል። የግራው ያንሳል። የግንባርሽ ከፀጉርሽ ሥር ነው የሚጀምረው። ፀሐይ የመታሽ ቀን ይጠቁራል። ስትስቂ የቀኙ ጥብብ ይላል። በክረምት ይፈዛል። ከወጣ ጊዜ ጀምሮ እያየሁት ነው።»

ልጃችን በሩን ተደግፋ ታዳምጣለች። ሚስቴ መዳፏን ቀስ ብላ አወረደች።

«በክረምት ይፈዛል?» አለች። «እሱን እኔም አላወቅኩም። በል አንሳኝ።»