የደስተኛው መምህር ቅጣት

የሒሳብ መምህሩን ተማሪዎቹ «ጠመኔ» ይሉታል፤ ከፀጉሩ እስከ ኮቱ ኪስ ዱቄት ነዋ። ይህ ሰው ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ካየ ምሳውን ይረሳል። አስረድቶ አስረድቶ ልጁ የገባው ዕለት፣ እያፏጨ ቤቱ ይገባል። ባልደረቦቹ በምሬት ሲያልቁ እሱ ለጥ ብሎ ይተኛል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ደስታ ከአለቃ ዓይን ያመልጣል? የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «የመምህራን ተነሳሽነት» የሚባል ነገር ከስብሰባ ይዘው መጥተው ነበርና አስጠሩት።

«መምህር፣ እርስዎ ማስተማር የሚወዱ ሰው ነዎት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አያስተምሩም» አሉት። እየዞረ ለሌሎች መምህራን የማስተማርን ፍቅር እንዲሰብክ ሾሙት።

ጉድ እኮ ነው። ጠመኔ ከአዳራሽ አዳራሽ ተንከራተተ። ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ የዋሉ መምህራን ማታ ተሰብስበው «ሥራችሁን ውደዱ» ሲባሉ፣ እያዛጉ አፍጥጠው ያዩታል። ኮቱ ጸዳ፤ ጨጓራው ግን ተላጠ። ክፍሉን ሰው እንደሚናፈቅ ናፈቀው። «መልሱኝ» ብሎ ደጋግሞ ቢለምን፣ ኃላፊው «ትሕትናዎ ደስ ይላል» እያሉ ሌላ አዳራሽ ጨመሩለት።

አንድ ቀን ምሳውን ሳይነካ ሲነሳ ሚስቱን አላስቻላት።

«አንተ ሰው፣ ማስተማር የሚወደውን ከክፍል ያወጡታል። የጠላውንስ የት ያደርሱታል?»

«እዚያው ይተዉታላ።»

«እንግዲህ አፍ አለህ» ብላ ሳህኑን አነሳች።

በሚቀጥለው ትልቅ ስብሰባ ጠመኔ መድረክ ላይ ወጣ። «እውነቱን ልናገር፤ ማስተማር አንገሽግሾኛል። ልጆች ሳይ ራሴን ያመኛል» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ልጆቹን የካደ መሰለው። ግን ጨከነ።

ኃላፊው ቱግ አሉ። «ይሄንን ነው አርአያ ያደረግነው? በሉ፣ ክፍል ተመልሶ ይቅመሳት!» መምህር ሁሉ የሚሸሸው፣ ልጆች እንደ ጆንያ የታጨቁበት ክፍል ተመረጠለት።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቅጣቱ መሥራቱን ሊያዩ በመስኮት ብቅ አሉ። አንዲት ልጅ ሰሌዳው ላይ ትሳሳታለች፣ ታጠፋለች፣ ደግማ ትሞክራለች። በመጨረሻ መልሱን አገኘችው። ጠመኔ አጠገቧ ቆሞ እንባው በጉንጩ ወረደ።

«ልኩን አገኘ» አሉ ኃላፊው፣ ረክተው እየሄዱ።