ለሰፊዋ የተሠራው ራምፕ

ሰፊዋ ከአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ደረጃ ጎን፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪናዋን ስታሽከረክር ብዙ ዓመት ኖራለች። በልጅነቷ የያዛት በሽታ እግሮቿን ወስዶባት ሄዷል። እጆቿን ትቶላታል፤ ለእሱም ተመስገን። ደረጃው ስለማያስወጣት ቢሮው ውስጥ ገብታ አታውቅም። የቢሮው ሱሪ ግን በሙሉ እሷ ዘንድ መጥቶ ያውቃል። የትኛው ሹም እንደወፈረ፣ የማን ኪስ እንደተቀደደ፣ ከሚስቶቻቸው ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

ታናሽ እህቷ ጠዋት ጠዋት መኪናዋንና ትንሿን ጠረጴዛ ተሸክማ ታመጣላታለች፤ ማታ ደግሞ ተሸክማ ትመልስላታለች። ሁለቱ እህትማማቾችና የታናሺቱ ልጆች እንጀራቸውን የሚያገኙት ከዚያች ክፈፍ ሥር ነው።

አንድ ቀን ቢሮው አካል ጉዳተኞችን አሰበ። ሐሳቡ ከላይ ታዝዞ የመጣ ነው እንጂ እንዲያው በባዶ ሜዳ የሚያስብ ቢሮ አይደለም። ዕቅድ ይውጣ ተባለ። ዕቅዱ ላይ አካል ጉዳተኛ ይሳተፍ ተባለ። ከበሩ ራቅ ብሎ መፈለግ ስለሚያደክም ሰፊዋ ተመረጠች። ዘበኞቹ ከነዊልቸሯ አንጠልጥለው ደረጃውን አወጧትና አዳራሹ ውስጥ፣ ከፊተኛው ወንበር ጎን አቆሟት። ፎቶ ተነሳች። ተደራሽነት፣ አካታችነት፣ ባለድርሻ አካላት የሚሉ ቃላት በላይዋ ላይ ሲበሩ ዋሉ።

በመጨረሻ መሃንዲሱ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አሳየ። በደረጃው ጎን ራምፕ፣ ጎማ የሚወጣበት ተዳፋት፣ ሊሠራ ነው። ሰፊዋ አይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ አየችው። ራምፑ የሚያርፈው ልክ እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። በደረጃው ፊት ለፊት ሰፋ ያለ ቦታ ነበር፤ ግን የቢሮው ኃላፊ መኪና የሚቆመው እዚያ ነው፤ መኪናው ደግሞ ካለበት ፈቀቅ ማለት አይችልም። እሷ ፈቀቅ ማለት ትችላለች ተብሎ ታሰበ፤ ጎማ አላት።

ኃላፊው ወደ እሷ ዞሮ፣ "እስቲ አንቺም ሐሳብ ስጪ፤ ለአንቺ እኮ ነው የሚሠራው" አላት።

"እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ታዲያ የት ልቀመጥ?"

"ከእንግዲህማ ደስ ባለሽ ሰዓት መግባት ትችያለሽ።"

"መግባቱስ ይሁን፤ ገብቼ ምን እሠራለሁ?"

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊውም ስቆ፣ "ይታይልሻል" አላት። ይታይልሻል የተባለ ነገር ማንም ዳግመኛ አያየውም፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ግንባታው ሲጀመር ሰፊዋ ከሕንጻው ጀርባ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ እንድትቀመጥ ተነገራት። እዚያ የሚመጣ ሰው የለም፤ የሚመጣውም ቆሻሻ ሊደፋ ነው። ሱሪ የተቀደደበት ሁሉ ሌላ ሰፊ ፈለገ። እህቷ ባዶ እጇን መመለሱ ሲመራት፣ ሂጂና ለምኚያቸው እያለች ትነዘንዛት ጀመር። ሰፊዋ ለልመና የሚሆን ጉልበት እንደሌላት፣ ለጠብም እንደሌላት ነገረቻት። እህቷ አኮረፈች።

ራምፑ አለቀ። ለኃላፊው መኪና ሲባል ቦታው ስላጠረ ራምፑም አጠረ፤ ሲያጥር ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሥሩ ቆሞ ሽቅብ ላየው ጣሪያ ሊጠግኑ የሚወጡበት መሰላል እንጂ በጎማ የሚኬድበት አይመስልም። ነገር ግን ቀለም ተቀብቷል፣ ሪባንም ታስሮበታል፤ ከላይ የመጡት እንግዶችም ጠረጴዛቸው ላይ አበባና የታሸገ ውሃ አግኝተዋል።

በምረቃው ዕለት ዋናው ዘበኛ ወደ ጓሮ ሮጦ መጣ። "እትዬ፣ ትፈለጊያለሽ። ራምፑን የሚወጣ ሰው ጠፍቷል።"

ሰፊዋ እሺ አለች። ብቻ የስፌት መኪናዋና ጠረጴዛዋ አብረዋት እንዲወጡ ጠየቀች። ዘበኛው ሄዶ ኃላፊውን ሲያማክረው ኃላፊው ይበልጥ ወደደው፤ ሠርታ የምታድር አካል ጉዳተኛ ለፎቶ ታምራለች። እህቷ መኪናዋን ተሸክማ በደረጃው ወጣች። ሰፊዋን ሁለት ዘበኞች ከኋላ አጎንብሰው ገፏት። ፊታቸው ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ስለተነገራቸው አንገታቸውን ቀብረው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ እንደ ጆንያ ገፍተው አደረሷት። ጭብጨባው ቀለጠ።

ራምፑ ጫፍ ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ ደህና ጥላ ያለው ሰፊ ቦታ አለ። እህቷ ጠረጴዛውን እዚያ ዘረጋች። ሰፊዋ ክር አጎረሰችና መስፋት ጀመረች። እንግዶቹ ሪባን ቆርጠው፣ ንግግር አሰምተው ወደ መኪኖቻቸው ሲወርዱም ትሰፋለች።

ኃላፊው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በቃ አሁን ውረጂ። በር ላይ ስፌት አይቻልም" አላት።

"እሺ አለቃ፣ ልውረድ" አለች፤ የዊልቸሯን ፍሬን ፈታች። "እንግዶችዎ ገና አልሄዱም። መውጣቱን አይተዋል፣ መውረዱንም ይዩት።"

ኃላፊው ቁልቁለቱን አየ። እንግዶቹ ከታች ቆመው ይሳሳቃሉ። ሴትዮዋ ከነወንበሯ ስትወርድ የት ላይ ልትቆም እንደምትችል፣ ማን ላይም እንደምታርፍ፣ በዚያች ቅጽበት ያሰበው ይመስላል።

"ለዛሬ እዚያው ቁጭ በይ" አላት።

ለዛሬ የተባለው ለነገም ሆነ፤ ለሚቀጥለው ወርም ሆነ። ከዚያ ትነሳ ቢባል እንደገና ፍሬኗን ልትፈታ ነው፤ እንዳትፈታ ለመከልከል ደግሞ ራምፑ አያወርድም ብሎ መናገር ሊያስፈልግ ነው፤ እሱን የሚናገር ደፋር ቢሮው ውስጥ አልተቀጠረም። ሱሪዎቹ ተመለሱ። እህቷም ከኩርፊያዋ ተመለሰች። ዘበኞቹ ጠዋት ከኋላ ይገፏታል፤ ማታ ከፊት ሆነው እንዳትወረወር ይይዟታል፤ እግረ መንገዳቸውንም ራምፑን የፈለሰፈውን ሰው እናት ያነሳሉ።

ሰፊዋ ቦታዋን አገኘች። እርግጥ ቀን ዘበኞቹ ሥራ ስላላቸው እስከ ማታ የሚያወርዳት የለም፤ የቢሮው መጸዳጃ ቤት በር ደግሞ ለዊልቸሯ ይጠባል። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ከምትወጣበት ሰዓት ጀምሮ ማታ እስክትገባ ውሃ አትቀምስም። አንድ ቀን ይህንኑ ለኃላፊው ብታነሳለት በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይታይልሻል አላት። እሷም እሺ ብላ ከንፈሯን በምላሷ አራሰችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።