አጋዘኑን ብቻዬን የጫንኩበት ማለዳ

በየበዓሉ ከጓደኞቼ ጋር በሬ ገዝተን የምንካፈልበትን ቅርጫ አምና ጥዬ ወጣሁ። ስጋ የሚበላ ሰው ራሱ አድኖ ይብላ ብዬ ስከራከር ባሕር ማዶ በምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚሰማኝ አጥቼ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ከሮክቪል ወዲያ ካለ ጫካ አጋዘን ገደልኩ። ጭጋጉ የዛፎቹን እግር ውጦታል፤ ፒካፕ መኪናዬ ደመና ላይ የቆመች ትመስላለች። አጋዘኑን በሸራ እየጎተትኩ አጠገቧ አደረስኩት። ልጭነው ሁለት ጊዜ አቅፌ አነሳሁት፤ ሁለቴም እንቅልፍ እንደጣለው ልጅ ከእቅፌ ተንሸራተተ። «አይዞህ፣ ደርሰናል» ስለው ራሴን ሰማሁት። ፀሐይ ከበረታች ስጋው ይበላሻል። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው የቅርጫችን ሰብሳቢ ደወልኩ።

«ብቻዬን እበላለሁ አላልክም?»

«መብላቱማ አያቅተኝም። ማንሳቱ ነው።»

«መብላቱም ያቅትሃል። ጾም ገብቷል እኮ!»

ረስቼው ነበር። እስኪበቃው ሳቀብኝ።

«በል፣ መኪናው ላይ ሳንቃ አስደግፍ፤ ቀንዱን በገመድ እሰርና ላይ ወጥተህ ጎትት።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። እሱ «ሆ!» ሲል እኔ ስስብ፣ አጋዘኑ እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ ሽቅብ ተንሳፈፈ። አጠገቡ ተዘረርኩ። ጭጋጉ በላያችን ያልፋል።

«ፍሪዘርህ ቦታ አለው?» አልኩት።

«ለገና ቅርጫ ከሆነ አለው።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር «እሺ» አልኩ።