የአባቴ መሐላና ዘመናዊው ጓሮ

ባለፈው ሰሞን አንድ ሆቴል በር ላይ አትክልተኛው የእንሰት ቅጠል ሲቆርጥ ደረስኩና፣ ያ ውሃ ውሃ የሚል ጥሬ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቀጥ አለ። አብራኝ የነበረችው ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔን ግን ይሄ ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዲላ የነበረው ቤታችን ከፊቱ ይልቅ በጓሮው ነበር የሚታወቀው። እናቴ ከኮንጋ ገጠር ስትዳር ችግኙን ከአባቷ ማሳ አስመጥታ፣ ፍግ እያለበሰች፣ እያዛወረች ያቆመችው እንሰት ከኩሽናው ጀርባ ተነስቶ እስከ አጥሩ ድረስ ደን ሆኖ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ቅጠል ላይ ስለነበር፣ እኛ ልጆች ከሥሩ ተጠልለን ጠብታው እስኪደርስብን እንጠብቅ ነበር። ከመሃላቸው አንዷ የእኔ ነበረች። እንሰት ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ነውና የሚያድገው፣ የበልግ ዝናብ ሊጀምር ሲል እናቴ «ያንተን አንተ ንቀል» ትለኝና፣ በሁለት እጄ አቅፌ ወደ አዲሱ ጉድጓዷ እወስዳት ነበር። «አንተ» ማለቷ፣ እናቴ አማርኛን ከገበያ የለመደች ጌዴኦ ስለነበረች ነው፤ አንዳንዴ ሴት፣ አንዳንዴ ወንድ ታደርገኝ ነበር፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

አባቴ ደግሞ ከሸዋ በጸሐፊነት መጥቶ የቀረ፣ ቃል የሚወድ ሰው ነበር። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከይርጋጨፌ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ከተማውን አቧራ ሲያለብሰው፣ የነጋዴው እጅ እርጥብ ይሆንና በየሱቁ አዲስ ዕቃ ይገባ ነበር፤ አባቴም ዕቃውን መግዛት ቢያቅተው እንኳ ስሙን ይዞ ቤት ይመጣ ነበር። ራዲዮናችንን «ዘመናዊ» ሲላት፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበትን ወለል «የሠለጠነ» ይለው ነበር፤ ሹል ጫማው «የጊዜው» ነው፣ ባለመስተዋቱ ቁም ሣጥን ከገባ ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሰዎች አፍ የለቀማት «ሞደርን» የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም ነበር። ጎረቤት «ዘመናይ ሰው ናቸው» ካለውማ ያን ቀን እራት አያምረውም። እናቴ ለዚህ ሁሉ «ዘመን አመጣሽ» ከማለት ሌላ ስም አልነበራትም፤ እሷን ትልና ወደ ጓሮዋ ትሄድ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ቃላቱን እወድለት ነበር፣ ትምህርት ቤት ሄጄም በጓደኞቼ ላይ እኮራባቸው ነበር።

አንድ በጋ ነገሩ ወደ ጓሮው ዞረ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አንድ አለቃውን ምሳ ሊጋብዝ አስቦ፣ «የሠለጠነ ሰው ግቢ ሣር ነው፤ ወንበር ይወጣል፣ ሰው አየር ይቀበላል፤ ይሄ ጫካ ምንድን ነው?» ማለት አመጣ። እናቴም ሥራዋን ሳታቆም «ይሄ ጫካ ነው የሚያበላህ» ትለው ነበር። እንዲህ እየተነታረኩ ሳሉ ኮንጋ ያለው ወንድሟ ሞተና ለቅሶ መሄድ ግድ ሆነባት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማ፣ አንዴ ጓሮውን አንዴ አባቴን እያየች አልሄድ አለች። ያኔ አባቴ እኔን ወደ ራሱ ሳበኝና፣ እጁን አናቴ ላይ ጭኖ «ይቺን ልጅ ይንሳኝ፣ አንዲት ቅጠል አልነካም» አለ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምትለዋን ተረት በሰበብ በምክንያቱ የሚጠራት ሰው ስለነበር፣ እቤታችን እሱ ማለ ከተባለ ያለቀ ነገር ነበር። እናቴ «በቃ፣ አባትህ ማለ» ብላኝ ሄደች። የእኔ ኩራት ደግሞ ለጉድ ነበር፤ ያ ሁሉ እንሰት በእኔ አናት የቆመ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽታው ነው በር ላይ የተቀበለኝ። እንሰቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሞ፣ ነጭ ሆዱ ወጥቶ፣ ውሃው መሬቱን አጨቅይቶት፣ የቀን ሠራተኞቹ ገጀራቸውን ይዘው የቀረውን ይጨርሱ ነበር። የእኔን ብፈልጋት ከነሥሯ ተነቅላ አጥሩ ጥግ ተጥላለች። አባቴ ከረባቱን እንዳሰረ መሃል ቆሞ ወንበሩ የት የት እንደሚሆን በእጁ ያሳያል።

«አባዬ፣ በእኔ ምለህ አልነበር?» አልኩት።

ሣቀ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ «አይ የኔ ልጅ፣ መሐላ እኮ የድሮ ሰው ነገር ነው። እኛ ዘመናዊ ሰዎች ነን» አለኝ።

ለካ «ዘመናዊ» የሚለው ቃል ለዚህም ያገለግል ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አንድም ቀን አላነሳሁትም።

እናቴ ስትመለስ አልጮኸችም። ጓሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የጎረቤት ሴቶችን ጠርታ የደረሰውን እንሰት ፍቀው፣ ጉድጓድ ምሰው ለቆጮ ቀበሩት፤ ለጋው በሰበሰ። የእኔን ሥሯን አሚቾ አድርጋ ቀቀለችና አባቴ ፊት አቀረበችው፤ እሱ በላ፣ እኔ አልቀመስኩም። አለቃውም በቀጠሮው ቀን መጡ፣ ግን መኪናቸው ደጃፋችንን በአቧራ ሸፍኖ ወደ ይርጋጨፌ አለፈ። አባቴ ከረባቱን እንዳሰረ እስከ ማታ ጠበቃቸው።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ብቻ እየጮኸ ይወርድ ጀመር፣ እኔንም ትኩሳት ያዘኝ። ቁርጤን አወቅሁ፤ ተምሎብኛል፣ መሐላውም ፈርሷል፣ እንግዲህ ተራው የእኔ ነው ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሞቴን እጠብቅ ነበር። አባቴ ክኒን ይዞ ሲመጣ አላየውም አልኩ፤ ምን እንደሆንኩ ግራ ገባው። በእኔ መማሉን ረስቶታል። እንሰቱንስ እሺ፣ ይሄን መርሳቱን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

እናቴ ግን ሳልነግራት ገባት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ላቤን በመዳፏ ጠርጋ፣ «አይዞህ፣ አንተ አትሞትም» አለችኝ። «አንተን የተከልኩ እኔ ነኝ። እሱ በሰው ንብረት ነው የማለው።»

ዛሬ ሁለቱም የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዘመኑ ዞሮ ዞሮ እንሰትን የሆቴል በር ላይ አቁሞታል፤ የሚበላው የለም፣ የሚያዛውረው ልጅም የለውም፣ ለዓይን ነው። ልጄም ያን ቀን ቅጠሉን እየዳሰሰች «እንዴት ሞደርን ግቢ ነው» ስትል፣ አባቴን የሰማሁ መሰለኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ አታውቅም። እኔ ግን ሰው ሲምልልኝ እሺ እለዋለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ዞሬ ጓሮውን አያለሁ።