ጸበል የነካው ሰማያዊ ጨርቅ

«መስቀል አይደለም፣ ጨረቃም አይደለም። ፊደል ነው እንዳልል እንዲህ ያለ ፊደል አላውቅም። ታዲያ ምንድን ነው?»

«ነገርኩሽ እኮ እማዬ። ለፈተና ነው።»

«የት አገር ነው በጨርቅ የሚፈተነው?»

እናቴ ሰማያዊውን ጨርቅ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛው ነበር። ሱቃችን ገና አልተከፈተም። ከፌርፋክስ ጎዳና በኩል የሚገባው የጠዋት ፀሐይ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን «ትኩስ እንጀራ አለ» የሚለውን ጽሑፍ ገልብጦ ወለሉ ላይ ጥሎታል። የበርበሬና የኮረሪማ ሽታ ከሌሊቱ የታፈነ አየር ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይከረክራል። ጋሼ ግን እንደ ልማዳቸው ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ገብተው፣ ከመጠጥ ማቀዝቀዣው አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ዘመዳችን አልነበሩም። ድሮ አዲስ አበባ ተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ዕድሜያቸውን በአካውንታንትነት ሠርተው ሪታየር ያደረጉ ሰው ናቸው። ቤታቸው ካልቨር ሲቲ ነው፤ ቀናቸው ግን እኛ ሱቅ ነበር።

«ጠልሰም ነው» አሉ ሳይጠየቁ። «የናይጄሪያ ፊልም ላይ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጨርቅ ይሰጣሉ።»

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ከዚያማ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው።»

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ካውያ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ትናንት ያንኑ ጨርቅ ከሻንጣ ሥር አውጥቼ፣ የተኮማተረውን ላፍታታ ብዬ ስተኩሰው፣ ካውያው ባለፈበት ሁሉ መስመሮች ብቅ ብቅ አሉ። የዘይት ጠብታ ወረቀት ላይ እንደሚተወው ዓይነት ናቸው። የልብስ ሰፊ ጠመኔ ሰም አለበት ለካ። ውሃ ያጠፋው ይመስላል እንጂ፣ ትኩስ ብረት ሲነካው ይመለሳል። ካውያውን አቁሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ «መስቀል አይደለም፣ ጨረቃም አይደለም።»

ነገሩ የጀመረው በስፓኒሽ ነው። ወደቅሁ፣ ደገምኩ፣ አሁንም ወደቅሁ። የሃይ ስኩል የመጨረሻ ዓመቴ ነበር፤ ያለ አንድ የውጭ ቋንቋ መመረቅ የለም። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠራችኝና፣ ከክፍል ውጭ የተማርኩት ቋንቋ ካለ፣ በቋንቋው፣ በሥነ ጽሑፉና በባህሉ ተፈትኜ ክሬዲት ማግኘት እንደምችል ነገረችኝ። አማርኛ ስላት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። በቤት የሚነገር አይቆጠርም፣ ሕጉ እንዲህ ነው አለችኝ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

«የኛ አይቆጠርም አሉሽ?» አለች። አልተቆጣችም። ሽሮውን እየመዘነች በፕላስቲክ መቋጠሯን ቀጠለች። ያቺ ጥያቄ ግን ከእሷ ጋር እንደቀረች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከሱቃችን ጀርባ፣ መኪና በሚቆምበት ጓሮ በኩል፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ለሠርግ የሚጠብበውም የሚሰፋውም የሐበሻ ቀሚስ ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል። ፀጉሯን በጨርቅ የምትጠቀልል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ ቤቱን ሁሉ መነጽር የምትፈልግ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የምትዘምር ትልቅ ሴት ናት። አገሯ ናይጄሪያ፣ ከተማዋ ካላባር፣ ቋንቋዋ ኤፊክ። ይህን ያወቅሁት የእናቴን ቀሚስ ላሳጥር ሄጄ ስልክ ስታወራ ሰምቻት ነው። ድምፅዋ ደረጃ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሰው ይረግጥ ነበር። ያን ጊዜ ያለ አስተማሪ ግጥም መሞነጫጨር ጀምሬአለሁ፤ አዲስ ድምፅ የሰማሁበት ቦታ ሁሉ ይገትረኝ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ እንድታስተምረኝ ጠየቅኳት።

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ማን ላከሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ሰው በሜዳ ተነሥቶ ኤፊክ አይማርም። የልጄ ልጆች እንኳን አይማሩም። ማን ላከሽ?»

ስለ ፈተናው ነገርኳት። አላመነችኝም። በሁለተኛው ቀንም አላመነችኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ባለ ሦስት እግሯን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ገንዘብ አልጠየቀችም። ይህ ደግሞ በተራዬ እኔን አስጠረጠረኝ፤ በዚህ ከተማ ለፓርኪንግ እንኳን ይከፈላል።

የዚያ ክፍል ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የካውያ እንፋሎት፣ የማሽን ዘይት፣ አዲስ የተቀደደ ጥጥ። ኤፊክ በዜማ የሚለይ ቋንቋ ነው፤ ድምፅሽ ከፍ ካለ ሌላ፣ ዝቅ ካለ ሌላ ነው። ስሳሳት አትናገርም። መዳፏን ዘርግታ፣ የልጅ ራስ እንደሚዳብስ ሰው ቀስ አድርጋ ወደ ታች ታወርደዋለች። እኔም አወርዳለሁ። «ሶሶንጎ» ማለት አመሰግናለሁ። «ካ ዲ» ማለት ሂጂና ነይ፤ የሚቀረው ሰው ለሚሄደው የሚለው ስንብት ነው። እሷን «ኤካ» እላት ነበር። በእኛ ተረት ጦጣ የምትሠራውን ተንኮል በእነሱ ተረት ኤሊ ይሠራዋል። ሙሽራ ከመዳሯ በፊት ክፍል ውስጥ ገብታ ምክር እየሰማች፣ እየታሸች፣ እየተቀለበች የምትወፍርበትን ወግ ስትነግረኝ እጄን በጣቶቿ ለክታ ሳቀች። «አንቺን ለማወፈር አንድ መንደር ይራብ ነበር።»

እናቴ ያለ ክፍያ መማሬ ስለከበዳት እንጀራና ሽሮ ላከችላት። ኤካ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ባረከችኝ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። በማግሥቱ ዕቃው ታጥቦ ተመለሰ። ጓሮው ውስጥ ባለው የቆሻሻ በርሜል አፍ ላይ ግን ሽሮ አየሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ከዚያ ኤካ በፈንታዋ የአትክልትና የደረቀ ዓሣ ወጥ በፔርሙስ አመጣች። እናቴ ደረቷን ይዛ «ማይ ሲስተር፣ ፋስቲንግ፣ ፋስቲንግ» አለቻት። እውነት ነው፣ ሁዳዴ ነበር። ግን ለፋሲካ ይቀመጥ አላለችም። ኤካ ስትወጣ ፔርሙሱን በፌስታል ጠቀለለችው፤ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል። ከመታጠቢያው ሥር፣ ከበረኪናው ጎን አስቀመጠችው።

«አልከፈቱትም?» አሏት ጋሼ።

«እርስዎ ይክፈቱት።»

«እኔማ ስኳር አለብኝ።»

ሰማያዊው ጨርቅ የመጣው ፈተናው ሲቃረብ ነው። ኤካ በቢጫ ጠመኔ ምልክቶች ሣለችበት። በአገሯ ከፊደል በፊት የነበረ የምልክት ጽሕፈት አለ። «ወንዶቹ በማኅበራቸው የሚደብቁትን እኔም አላውቀው፤ ለሴት አይነገርም» አለችኝ። «ሴቶቹ የምናውቀውን ግን እንኪ።» ሁለት ቅስቶች ከተያያዙ የተዋደዱ ሰዎች ናቸው። በመካከላቸው መስመር ከገባ ተለያይተዋል። በባህሉ ክፍል ጨርቁን ዘርግቼ ይህን ላስረዳ ነበር። ከዚያ ኤካ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በስክሪን የሚያየን ፈታኝ ፊት ሁለታችን በኤፊክ ልናወራ። የሚነገረው ክፍል ያለ እሷ አይሆንም፤ ያለ እሱ ደግሞ በጁን ከጓደኞቼ ጋር መመረቅ የለም።

ያን ጠዋት እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘችው ይህንን ጨርቅ ነው። የቅስቶቹን ትርጉም ነገርኳት።

«ያለችሽን ነው የምትነግሪኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በስልክ ኤካ፣ ኤካ ስትዪ እሰማለሁ። ስሟ ነው?»

«አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

«እናት ማለት ነው። ግን ለትልቅ ሴት ሁሉ ይባላል፤ እንደ እማማ በዪው።»

እናቴ ጨርቁን አጠፈችው። ደግማ አጠፈችው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጨርቁ ከመታጠቢያው በላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። ከጎኑ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው የጸበል ጠርሙስ ባዶውን ቆሟል። አንድም ቢጫ መስመር አልቀረም።

«አሁን ንጹሕ ነው» አለች እናቴ። «መልሽላት።»

አልመለስኩም። ምን ብዬ? የፈተናው ዋዜማ ግን ኤካ ራሷ መጣች። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐዩ ወደ ኦሊምፒክ ጎዳና በኩል ዘንበል ብሎ መደርደሪያዎቹን ቢጫ አድርጎአቸዋል። በፊት ለፊት በር ገብታ አታውቅም፤ ያን ቀን ገባች። ለፈተናው ብላ ከወዲሁ ፀጉሯን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልላለች።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡላት። «ሲት ዳውን፣ ሲስተር።» አልተቀመጠችም።

እናቴ ጨርቁን አጣጥፋ ከአንድ ሙሉ ዳቦ ጋር በፌስታል አድርጋ አዘጋጅታዋለች፤ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ኤካ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ጨርቁን ዘረጋችው። ገለበጠችው። ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ሥራዬ የት ሄደ?» አለች።

«አጠብኩት» አለች እናቴ በሱቅ እንግሊዝኛዋ። «በተባረከ ውሃ።»

«ከምን ልታነጪው?»

የኤካ ዐይን ከካሽ ሬጂስተሩ ጎን በቀይ ክር ወደተንጠለጠለችው፣ ዙሪያዋን ወደተሰፋች ትንሽ ቆዳ ሄደ።

«መጀመሪያ ቀሚስሽን ላደርስ ከጓሮ በር ስቆም ነው ያየሁት» አለች። «ልብስ ሰፊ ነኝ። ነገር የታሰረበትን ስፌት አውቃለሁ። እዚያ ውስጥ ምን አለ?»

«ጸሎት። ልጄ በሕፃንነቷ ስትታመም ያጻፍኩላት ክታብ ነው።»

«ጽሑፍ ብቻ?»

እናቴ ክታቡን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ዐይኖችም ተሥለውበታል» አልኩ እኔ። እናቴ ዞራ አየችኝ።

«ዐይኖች» አለች ኤካ። ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፣ የጠረጠረችው እንደተረጋገጠላት ሰው። «ፈርቼዋለሁ። ምግብሽንም ፈርቼዋለሁ። ውሃ ግን አላፈሰስኩበትም።»

ማቀዝቀዣው ይጮኻል። ጋሼ ቆመው ቀሩ፤ ወንበራቸው ባዶዋን ነበረች።

«ልጄን ለምን በነፃ ታስተምሪያታለሽ?» አለች እናቴ። «በዚህ አገር ነፃ የሚባል ነገር የለም።»

«ስለምታናግረኝ» አለች ኤካ። «በቋንቋዬ ፊት ለፊት የሚያናግረኝ ሌላ ሰው የለኝም።»

እናቴ ባንኮኒውን በመዳፏ ጠረገችው፤ ምንም የሚጠረግ አልነበረበትም። ከዚያ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን እንደዚያው፣ «እኔንስ ማን ያናግረኝ?» አለች።

ኤካ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

እናቴን ሳያጋልጣት ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግረው ቃል አጣሁ። ኤካ ጠበቀች። ቆይታ መጠበቋን ተወች። የእናቴን ፊት እያየች ቆመች፤ ትርጉሙን ከዚያ ያገኘችው ይመስለኛል፣ ወይም እንዲህ ማሰብ እወዳለሁ።

ፈተናውን አልተፈተንኩም። በጁን ጓደኞቼ ካባ ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እኔ ምስር እመዝን ነበር። ክረምቱን ከትንንሾቹ ጋር ስፓኒሽ ተቀምጬ በጭንቅ አለፍኩ። ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ ሀ ሁ ቆጠርኩ፤ አማርኛ እናገር ነበር እንጂ አላነብም ነበር። እናቴ ስሳሳት ትስቅብኝ ነበር፣ ከዚያ በፊት እንዲያ ስትስቅ አላስታውስም። ኤካ ሱቋን ዘግታ ሎንግ ቢች ልጇ ጋ ገባች አሉ። ያሉት ጋሼ ናቸው፤ ፔርሙሱንም ሊያደርሱላት ወስደውት ነበር፣ ማድረሳቸውን ግን እንጃ።

ያን የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት ኤካ ጨርቁን መልሳ አጣጠፈችው። አልወሰደችውም፤ በእኔ በኩል ባለው የባንኮኒው ጫፍ ላይ አኖረችው። ዳቦውንም አልነካችም።

«ነገ ከእናትሽ ጋር ሁኚ» አለችኝ፤ ወደ በሩ ሄደች።

ምን ልበል? የነበረኝ አንድ ቃል ነው። «ካ ዲ» አልኩ።

እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ ዞረች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ሌላኛውን እጇን አነሣች፣ መዳፏን ዘረጋችና ቀስ አድርጋ ወደ ታች አወረደችው።

«ካ ዲ» አልኩ ደግሜ፣ ዝቅ አድርጌ።

እንዲያ ነው እንደማለት ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። የፌርፋክስ የመኪና ድምፅ ለአፍታ ገባ፣ ከዚያ በሩ ተዘጋ።