ጎሚኒ ያጠበው በርሜል

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ ጎሚኒ ነው የሚለው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የቧንቧ ጎሚኒ፣ ያቺን ክብ የላስቲክ ማሸጊያ፣ ሳይዝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። በሠርጋችን ቀን የለበሰው ኮት ኪስ ውስጥ እንኳ ሁለት አግኝቻለሁ። ሰው ቤት ተጠርተን ሄደን የሆነ ቦታ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰማ አለቀ፤ ምሳው ቀርቦ እሱ የዕቃ ማጠቢያው ስር ተጋድሟል። «ኧረ ባክህ፣ እንግዳ ነህ!» ብዬ ብቆነጥጠው ጆሮ ዳባ ልበስ። የሚያንጠባጥብ ነገር ያመዋል። ምን ላድርገው፣ ሲፈጥረው ነው።

አባቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቢራ ፋብሪካ ጠማቂ ነበሩ። ፋብሪካው የተዘጋ ቀን ሌላው ወንበርና ጠረጴዛ ሲሻማ፣ እሳቸው ካፖርታቸው ስር አንድ ብልቃጥ እርሾ ደብቀው ወጡ። ፋብሪካው ፈርሶ መጋዘን ሆነ፤ አብረዋቸው የሠሩትም አንድ በአንድ አለቁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በሕይወት የቀረችው እኛ ፍሪጅ ውስጥ ያለችው እርሾ ብቻ ነበረች። «ባልደረቦቼ ተኝተዋል፣ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው» ይሉኛል። አንዳንዴ ይቀሰቅሷቸዋል። ያኔ ቤቱ ብቅል ብቅል ይሸታል፣ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እሸሻለሁ። ከዚያ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ በአንድ ብርጭቆ ደመኛ የሚያስታርቅ ቢራ ይወጣል፤ ብልቃጧም እንደገና ሞልታ ቦታዋ ትመለሳለች። በምን እንደምትሞላ ጠይቄ አላውቅም። ምነው ጠይቄ ቢሆን ኖሮ!

ጎሚኒ ያለ አባት ያደገ ሰው ነው። አባባ እኛ ጋ ከገቡ ጀምሮ የማይሆንላቸው ነገር አልነበረም፤ መታጠቢያው ላይ መደገፊያ ብረት ገጠመላቸው፣ ሙቅ ውሃውን ክፍላቸው ድረስ ሳበላቸው። እሳቸው ግን ለእሱ ሲሆን ምስጋና ላይ ድንጋይ ናቸው። አምፖል ለሚቀይር ሰው ሳይቀር «እጅህ ይባረክ» ይላሉ፣ ለእሱ ግን ያቺ ቃል የለችም። ይነኩትና «ይሠራል» ይላሉ። በቃ። «ዛሬም ‹ይሠራል› ተባልኩ» ይለኛል እየሳቀ። ጥርሱ ይስቃል፤ እኔ ባሌን አላውቀውም?

ታዲያ ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ፣ አንድ ቀን ጠሩትና «የዘንድሮዋን አንተ ትጠምቃታለህ። እኔ እነግርሃለሁ» አሉት። ሰውዬው ሎተሪ የወጣለት መሰለ።

«ስማ» አሉት አባባ፣ ብቅሉ ፈልቶ ተጣርቶ ከቀዘቀዘ በኋላ። «ይሄ ጠንካራ ቢራ ነው። ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እርሾው ሲያገኘው ያብዳል። በርሜሉን አትሙላው፤ ሲሶውን ባዶ ተወው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመው፣ ከሞቀው አትችለውም። ከክዳኑ ላይ ወፍራም ቱቦ አውጣና ጫፉን ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከረው። አረፋው በዚያ ይውጣ። ይተፋል፣ ያንጠባጥባል፤ ተወው፣ ይትፋ! በል አሁን ብልቃጧን ሙሉዋን ገልብጣት።»

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ ስንደርስ እነግርሃለሁ። አሁኑኑ ሁሉን ካወቅክ እኔን ማን ይፈልገኛል?»

ቀልድ ነበር። ሦስታችንም ሳቅን።

በማግስቱ በርሜሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። አረፋው በቱቦው እየተንደቀደቀ ባልዲውን ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አባባ በሩ አጠገብ ወንበር አስጠግተው እንደ ሬዲዮ ያዳምጡታል፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ቆይቷል። ጎሚኒ ግን መወልወያ ይዞ ይንቆራጠጣል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ብቅ ብላ «ጉድ በል! የጎሚኒ ቤትም ያፈስ ጀመር?» ስትል ፊቱ ደም መሰለ።

በነጋታው አባባን ዓይን ሐኪም ጋ ይዣቸው ሄድኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ ነው የነገረኝ። በሩ ከኋላችን እንደተዘጋ ወፍራሙን ቱቦ ነቅሎ በቀጭን ቧንቧ ተካው፤ ዙሪያውን በጎሚኒ አሽጎ በብረት ማሰሪያ ጠረቀመው። ወለሉን ወለወለ። አንዲት ጠብታ የለችም። አባባ ሲመለሱ እግራቸው ደረቅ ወለል ሲረግጥ ያቺን ቃል ይሉኛል ብሎ አሰበ። ሞኜን! ቀጭኗ ቧንቧ በአረፋና ከማጣሪያው ባመለጠ የብቅል ገለባ ተደፈነች። ቡልቅታው ሲጠፋ «ተመስገን፣ ተረጋጋ» ብሎ ሻይ ሊጥድ ሄደ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መታ፣ አምፖሉ ተሰባብሮ በርሜሉ ውስጥ ረገፈ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አረፋ ለበሰ።

እኔና አባባ ደረጃው ላይ ሳለን በረኪና ሸተተኝ። ጎሚኒ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ እጁ ተልጧል፣ ከቅንድቡ ውሃ ይንጠባጠባል።

«አባባ፣ አጠፋሁ» አለ። አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ቧንቧውን፣ ማሰሪያውን፣ ፍንዳታውን።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «ቢራው ይቅር፤ ቢራ ሁሌም ይጠመቃል። አተላውን ምን ውስጥ አስቀመጥከው?»

«የምን አተላ?»

«ከታች የሚቀረውን ነዋ! እርሾው እኮ እሱ ነው። ወደ ብልቃጧ የምንመልሰው።»

ጎሚኒ ወደ እኔ ዞረ፣ እንዳድነው። እኔ ምን አውቃለሁ?

«ብርጭቆ ገብቶበት ነበር፣ አባባ። ደፋሁት።»

«እሺ፣ ከግድግዳው ላይ ግን… አረፋው ላይም አለ እኮ። አንድ ማንኪያ ይበቃል። አንድ ማንኪያ።»

«ሁሉንም አጥቤዋለሁ» አለ። «በበረኪና።»

አባባ ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። በርሜሉን አገኙት፤ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገብተው በጣታቸው ታችኛውን ጥግ ዙሪያውን አሹት። ጣታቸውን አሸተቱ። ደጋግመው አሸተቱ።

«ጥሩ አድርገህ ነው ያጠብከው» አሉ። «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ።»

የአባቴን ሽሙጥ አውቀዋለሁ፤ ያ ሽሙጥ አልነበረም። ለጎሚኒ አዝነውለት ነው። እሱ ደግሞ ደረቁ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በኋላ ከተማውን አስሶ የተገዛ እርሾ አመጣላቸው። አባባ ተቀብለው ጨበጥ አደረጉትና «እነዚህን አላውቃቸውም» አሉ፣ በትሕትና፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እንደተዋወቁ ሁሉ። ለእኔ ብቻችንን ስንሆን፣ አንዴ ነው ያሉኝ፣ «ስስቴ ነው ልጄ። ሙያውን በማንኪያ በማንኪያ ባልሰጠው ኖሮ…» ብለው ተዉት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቢራ አንስተው አያውቁም። እኔ ግን የፍሪጁን በር ዛሬም ቀስ አድርጌ ነው የምዘጋው።

ጎሚኒ ሥራውን አልተወም፤ የሰው ቧንቧ ያሽጋል፣ የሰው ወለል ያደርቃል። ጨርሶ ሲነሳ የቤቱ እመቤት «እጅህ ይባረክ» ስትለው ግን አሜን አይልም። ጎንበስ ብሎ ፒንሳውን ይፈልጋል፤ ፒንሳው እጁ ላይ እያለ።