የአባቴ ደብተር፣ የእትዬ ስመኝ ወጥ

«ይሄ ወጥ የሻለቃ እጅ የለበትም!» ብለው እትዬ ስመኝ ጭልፋውን አስቀመጡት።

ዛሬ ቢቸና የአባቴ ተዝካር ነበር። እትዬ ስመኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ምስር ወጡን የቀመሱት ለእንግዳ ሳይቀርብ ነው።

ሻለቃ የሚሉት አባቴን ነው፤ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነበር። ድልድይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ጓሮና ጓዳ ገባ። የነጭ ሽንኩርት መደቡን እንኳ በውሃ ልክ ነበር የሚያስተካክለው። (የቤታችን ወንበሮች ግን ሁሉም ይወላገዳሉ።)

እትዬ ስመኝ ጓዳ ባገኙት ቁጥር ይቆጡ ነበር። «ሻለቃ፣ ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው? ደግሞስ ሽንኩርቱ መች በሰለና! ውጡልን!»

እሱ «እሺ እትዬ» ይልና ማማሰሉን ይቀጥላል።

ዛሬ ግን «ልጄ፣ እስቲ ያችን የወጥ አሠራር የሚጽፉባትን ደብተራቸውን አምጪ» አሉኝ።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እንደ ወታደር ትእዛዝ ነው የጻፈው፦ «ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላ። ማቻኮል ክልክል ነው። ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ፣ ከጓሮ፣ ከሦስተኛው መደብ።»

ሄጄ ነቀልኩ። በእጁ የተከለው ነው።

ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ቀርታ ነበር፦ «አስተማሪ፦ እትዬ ስመኝ፣ እየተቆጡ።»

እትዬ ስመኝ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቆይተው ወደ ዳሱ ዞሩና «እናንተ ወንዶች፣ ምን ትጎለታላችሁ? ኑ፣ ነጭ ሽንኩርት ላጡ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ማጀት ገቡ።

እየተቆጡት የሚወደውን ያልተወ ሰው እናንተም ቤት ካለ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነብባለሁ።

የእኔ አባት ወታደር ነበር፣ መሐንዲስ ነበር፣ ወጥም ይሠራ ነበር።